ዘጠኝ ቁጥር መቆንጠጫ

እናቴ ልብስ ስታሰጣ ታንጎራጉራለች። ያን ቀን ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝም እሱ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ ረግረጉ ድረስ ሄጄ፣ ረፋዱ ላይ በዝናብ ተባርሬ ተመልሼ፣ ጃኬቴን መሬት ላይ ጥዬ እንደ ግንድ ተጋድሜ ነበር። ስነቃ ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ዝናቡም አባርቷል። ፊቴን ሳልታጠብ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የአባቴ ሸሚዝ ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል። ሸሚዙን በግራ ትከሻው በኩል የያዘው የእንጨት መቆንጠጫ ላይ በቀይ ቀለም «9» ተጽፏል።

ክው ብዬ ቀረሁ።

«እማ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከጃኬትሽ ኪስ ነዋ። ላጥበው ስፈትሸው አገኘሁት። መቆንጠጫ አንሶኝ ነበር፣ እግዜር ይስጥሽ።»

መቆንጠጫውን መንጭቄ ነቀልኩት። ሸሚዙ በአንድ ወገን ተንጠልጥሎ ቀረ።

እኔ የወፍ ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህን የትምህርት ክፍል ስመርጥ አጎቴ «ወፍ ደግሞ ምኑ ይጠናል? ትበራለች፣ አለቀ» ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር «እህሳ፣ ወፍ አለ?» እያለ ያሾፍብኛል። እሱ ያልገባው የወፍ ትምህርት ግማሹ ደብተር፣ ግማሹ ጭቃ መሆኑ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ወቅቱን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ከከተማው ዳር ወዳለው ረግረግ እንወርዳለን። በሸምበቆው መካከል አሥራ አንድ መረብ አለን። ክሩ ከጸጉር የቀጠነ ነው፣ በሁለት ዘንግ መካከል ይወጠራል፣ ወፏ አታየውም። በርራ ትገባበትና ኪሱ ውስጥ ትወድቃለች። እኛ በየግማሽ ሰዓቱ እየዞርን እናወጣታለን፤ ክንፏን እንለካለን፣ እንመዝናታለን፣ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ትንሽ ቀለበት አስረን እንለቃታለን። መረብ ውስጥ የገባች ወፍ በራሷ መውጣት አትችልም። ይህን ዓረፍተ ነገር መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ አስጽፈውናል።

ለዚህ ነው የመቆንጠጫ ሥርዓት ያለን። የመስክ ጠረጴዛው አጠገብ በቆመ ጣውላ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር የተጻፈባቸው የልብስ መቆንጠጫዎች ይደረደራሉ። መረብ የሚከፍት ሰው የዚያን መረብ መቆንጠጫ ወስዶ ኮሌታው ላይ ይሰካል። መረቡን ጠቅልሎ ሦስት ቦታ ላይ ካሰረ በኋላ መቆንጠጫውን ጣውላው ላይ ይመልሳል። መቆንጠጫው ካንተ ዘንድ ካለ መረቡ ክፍት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በመጨረሻ የዕለቱ ተረኛ አሥራ አንዱን ቆጥሮ «ሁሉም ተዘግቷል» ብሎ ይፈርማል። የዚያን ቀን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ፈርሜያለሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና መምህሩ ፊሽካ ነፉ፤ ዝጉ ማለታቸው ነው። ዝናብና መረብ አብረው አይሄዱም፣ የረጠበች ወፍ መረብ ላይ በብርድ ትሞታለች። ዘጠኝ ቁጥር ጋ ስደርስ አንዲት ወፍ ተይዛ አገኘሁ። አወጣኋትና በጨርቅ ከረጢት ያዝኳት። መረቡን ልጠቀልል ስል ካፊያው ጀመረ፤ ወፏን መጀመሪያ ጠረጴዛው ጋ አድርሼ ልመለስ አልኩ። የዝናብ ካፖርቴን ስደርብ ኮሌታዬ ላይ ያለው መቆንጠጫ ስላስቸገረኝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

ጠረጴዛው ጋ ሁሉም ይጣደፋል። ሸምበቆው ውስጥ አምስት ዓይነት ትንንሽ ቡናማ ወፎች አሉ፤ አምስቱም አንዲት እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። መምህሩ «መልክ ይዋሻል፣ ክንፍ አይዋሽም» ይላሉ። ክንፏን ዘርግተህ፣ ላባዎቹን ከጫፍ ቆጥረህ፣ የትኛው ከየትኛው በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያጥር ለክተህ ነው የምትለያቸው። እኔ ግን ዝናቡ ሲያቻኩለኝ ሳልለካ በመልኳ ብቻ ስሟን ተናገርኩ። ተሳሳትኩ። መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡና «ልትለቂያት ነው ወይስ ልትሰድቢያት? ያልሆነችውን ብለሽ ጠራሻት እኮ» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሜትር የምንለው ረጅሙ ጓደኛዬ እንኳ ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሠራሁት በዚያ ትኩሳት ነው። ጣውላው ዝናብ እንዳይነካው ላስቲክ ለብሶ ነበር፤ ላስቲኩን ገልጬ መቁጠር ነበረብኝ። አልገለጥኩም። ፈረምኩ፣ መኪናው ላይ ወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ እንደ ሌሎቹ መረቦች አይደለም፤ የአሮጊቷ ሰፈር ነው። አሮጊቷ መምህሩ ራሳቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቀለበት ያሰሩላት አሥራ ሁለት ግራም የምትመዝን የሸምበቆ ወፍ ናት። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። በየዓመቱ ባሕር ተሻግራ ትሄድና በየዓመቱ ተመልሳ እዚያው ጥግ፣ እዚያው መረብ ውስጥ ትገባለች። ዘንድሮ ገና አልመጣችም። በየማለዳው ከመጀመሪያው ዙር ስመለስ መምህሩ ቀና ሳይሉ «ዘጠኝ ላይስ?» ይሉኛል፤ እኔም «ወፍ የለም» እላለሁ። አንገታቸውን ነቅንቀው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

መምህሩን በሌሉበት «ጭልፊት» እንላቸዋለን። ከሩቅ ስለሚያዩ ብቻ ሳይሆን ሲወርዱብህ ስለማይስቱህም ነው። በመጀመሪያው ቀን ትምህርት መጨረሻ ላይ ስለ መቆንጠጫው ሲያስረዱን እንዲህ አሉ፦ «መረብ ክፍት ትቶ የሄደ ሰው እንዳይደውልልኝ። ዕቃውን ይሰብስብና በዚያው ይሂድ።» ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ። «ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«መረብ ክፍት ትቼ መጥቻለሁ።»

«ወፎች ውስጡ አሉ?»

«አላውቅም። ሊኖሩ ይችላሉ።»

ይችላሉ ያልኩት ለእሷ ነው። ለራሴ አውቀው ነበር። ዝናብ ሲያባራ የተራበ ወፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ይበላል። ይህን ባለፈው ፈተና ላይ ጽፌ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ትንሽ ወፍ ስንቅ የላትም፣ ልቧ በደቂቃ ከስድስት መቶ ጊዜ በላይ ይመታል፣ ሙቀቷ አርባ አንድ ዲግሪ ነው፣ ላባዋ ከረጠበ ያን ሙቀት መያዝ አትችልም። ሁሉንም አውቀዋለሁ።

እናቴ የረጠበ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አዋላጅ ናት፤ የዕረፍቷ ቀን ነበር። «እዚያ አጠገብ የሚኖር ሰው የለም?»

«መምህሩ አሉ። ከቤታቸው ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።»

«እና እዚህ ቆመሽ ምን ታወሪኛለሽ? ደውዪላቸው።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም፣ አሁን ደውዪ። ሃያ ሁለት ዓመት አዋልጃለሁ። ሰው ከእጄ የሚያመልጠኝ ሕመሙ ስለከበደ ብቻ አይደለም፤ ፈርቶ ቤቱ ሲቆይ ነው።»

«ጫማዬን ላጥልቅና እየሄድኩ እደውላለሁ» አልኳት።

ያልታጠበውን ጃኬቴን ደርቤ መቆንጠጫውን ኮሌታዬ ላይ ሰካሁት፣ መረቡ ክፍት ነውና። አውቶቡስ ጣቢያው ስደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ስልኬ በእጄ ነው። ባትሪ አለው፣ ካርድም አለው፤ በኋላ ሰበብ የሚሆን አንዳች ነገር አልጎደለውም። ቁጥራቸውን የመዘገብኩት «ጭልፊት» ብዬ ነው። ስሙን አወጣሁት፣ አውራ ጣቴ ከላዩ ላይ አንዣበበ። ዕቃውን ይሰብስብና በዚያው ይሂድ። ሦስት ዓመት የተማርኩበትን አንድ ፌስታል ውስጥ ሰብስቤ ስወጣ፣ አጎቴ በር ላይ ቆሞ «ወፏ በረረች?» ሲለኝ ታየኝ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። አውቶቡሱ ይፈጥናል፣ ማንም ሳያውቅ ደርሼ እዘጋዋለሁ፣ ምናልባትም ባዶ ይሆናል አልኩ።

ፈሪ መሆኔን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የእናቴን ብርጭቆ ሰብሬ ስብርባሪውን ከፍራሼ ሥር ደብቄ ሁለት ሌሊት ተኝቼበታለሁ። ያገኘችው አንሶላው ላይ ደም አይታ ነው።

አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ደወልሽላቸው?»

«ደውያለሁ።»

«ጎሽ። ምን አሉሽ?»

«እሄዳለሁ አሉ።»

«ተመስገን» ብላ ዘጋችው። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝና «አመመሽ እንዴ ልጄ? ላብ አጥምቆሻል እኮ» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። መስኮቱን ከፈት አደረጉልኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው ጠብታ በዚያ መስኮት ገብቶ እጄ ላይ ዐረፈ። ቀና ስል ከረግረጉ አቅጣጫ ያለው ሰማይ በሙሉ ጠቁሯል። ሴትዮዋ «ይቅርታ ልጄ» ብለው መስኮቱን ዘጉት፤ ዝናቡ መስታወቱን ይገርፈው ጀመር። ያኔ መደወል ነበረብኝ። ከበረንዳው ይልቅ፣ ከጣቢያው ይልቅ ያኔ። ነገር ግን አሁን ብደውል «እስካሁን የት ነበርሽ?» ይሉኛል። አርባ አምስት ደቂቃ መዘግየቴን ለመናገር ስለፈራሁ ሃምሳ ደቂቃ ጨመርኩበት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ሾፌሩ ጋ ሄጄ ፍጠን ልለው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ? ዓይኔን ጨፍኜ መረቡን አየሁት፤ ዓይኔን ገልጬም አየሁት።

ከአውቶቡስ ወርጄ ሮጥኩ። የረግረጉ በር ላይ ዘበኛው በጎጇቸው ተጠልለው ተቀምጠዋል።

«ምን ረስተሽ ነው በዚህ ዝናብ?»

«ጃኬቴን፣ አባባ።»

«ጃኬትሽን ለብሰሻል እኮ» አሉ። ሳልመልስላቸው አለፍኩ።

እስከ መረቡ የሚወስደው መንገድ በሸምበቆው መካከል የተነጠፈ ጠባብ የጣውላ መንገድ ነው። ያንሸራትታል። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። አንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ታስሯል። ሁለትም፣ ሦስትም። ሜትር የዘጋቸው እነ ሰባትና ስምንት በሦስት በሦስት ቋጠሮ ቀጥ ብለው ታስረዋል። ባየሁት ቋጠሮ ሁሉ ምናልባት እያልኩ ሄድኩ። ምናልባት ሜትር አይቶት ዘግቶታል። ምናልባት ነፋሱ ጥሎታል። ጥጉን ስታጠፍ መረቡን ሳይሆን መጀመሪያ ያየሁት በአየር ላይ ቆመው የቀሩ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦችን ነው። አምስት ናቸው። ከአምስቱ አንደኛው ይንቀጠቀጣል።

እጄ የተማረውን ሠራ። ሕይወት ያለው ይቀድማል። የሚንቀጠቀጠውን እግሩን ፈትቼ፣ ከክንፉ ክሩን አውጥቼ፣ በከረጢት አድርጌ ከሸሚዜ ሥር ሆዴ ላይ አስገባሁት። ሁለተኛው የሞተ መስሎኝ ስነካው ምንቃሩን ከፈተ፤ እሱንም በሌላ ከረጢት ከወንድሙ ጎን አደረግሁት። ሦስተኛው ሞቶ ደርቋል። አራተኛውም ደርቋል፤ አንገቱ ላይ ክሩ ሁለት ጊዜ ዞሯል፣ ታግሏል ማለት ነው።

አምስተኛዋ ከታችኛው ኪስ ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ላባዋ ከገላዋ ተጣብቆ የአውራ ጣቴን ያህል ሆናለች። እግሯ ላይ ቀለበት አለ፤ ጠርዙ ከማርጀቱ የተነሳ ስስ ሆኗል። ቁጥሩን ሳላነበውም አውቄዋለሁ፤ አሮጊቷ ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መዳፌ ላይ አጋደምኳት፤ እንደተማርነው ደረቷ ላይ ያለውን ላባ በትንፋሼ ገለጥኩ፣ ጣቴን በደረቷ አጥንት ጎን አሳረፍኩ። የልብ ምት የለም። ቆይቼ፣ ደግሜ አሳረፍኩ። የለም።

ግን ትሞቃለች።

እንዲህ የረጠበች፣ እንዲህ ያነሰች ወፍ ከሞተች በኋላ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሙቀት አትይዝም። ከአውቶቡስ ስወርድ በሕይወት ነበረች። በዚያ መስኮት ጠብታው እጄን ሲነካኝማ ምናልባት ገና ደረቅ ሆና ክንፏን ታርገበግብ ነበር። ይህን ማወቅ ያልፈለግሁትን ያህል በግልጽ አወቅሁት። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ የመጣብኝን ሐሳብ ሳልደብቅ እናገራለሁ። ማንም አላየኝም። አሮጊቷ ዘንድሮ አልመጣችም፤ ዘጠኝ ዓመት ለእንዲህ ዓይነት ወፍ ብዙ ነው። ባትመጣ ሁሉም ባሕር ላይ ቀረች ይላል፤ መምህሩም ለአንድ ወር ያህል «ዘጠኝ ላይስ?» ብለው ይጠይቁና ይተዉታል። ሦስቱን ሸምበቆው ውስጥ ብወረውር እስከ ማታ የሚያነሳቸው አውሬ አይጠፋም። መረቡን ጠቅልዬ፣ መቆንጠጫውን ነገ ሰው ሳያየኝ ጣውላው ላይ ብመልስ፣ ፊርማዬ ልክ ይሆናል። ከፍራሽ ሥር የሚገባ ስብርባሪ ነው። ልወረውር ተነስቼ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ነበር። ዘርግቼ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሆዴ ላይ ያለው ከረጢት ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ፤ እናቴ መልእክት ልካለች። «ደረሱላቸው?» ይላል።

አልደረሱላቸውም። ሁለቱ ግን ገና በሕይወት ነበሩ። የእኔ ሆድ ረጥቧል፣ እኔ ራሴ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ፣ ከተማ እስክደርስ አይቆዩልኝም። የሞቀ ክፍልና ደረቅ ሳጥን ያለው ዐሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ነው። አሁንም ያው ዐሥር ደቂቃ፣ አሁንም ያው ስም። ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ጭልፊት» የሚለውን ተጫንኩ። አንዴ ጠርቶ ተነሳ።

«አቤት።»

«መምህር፣ ዘጠኝ ቁጥርን ክፍት ትቼው ሄጄ ነበር። እዚያው ነኝ። ሁለት በሕይወት አሉ፣ ረጥበዋል።»

«ሆድሽ ላይ አድርጊያቸው» አሉና ዘጉት።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። መረቡን ጠቅልዬ ሦስት ቦታ አሰርኩት፤ ቋጠሮውን አምስት ጊዜ ነካካሁት። መቆንጠጫውን ከኮሌታዬ ነቀልኩ። ከዚያ ቆሜ ጣውላውን የሚመታ ኮቴ ጠበቅሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ ኮቴ ግን የፈራሁት የለም።

የመጡት በነጠላ ጫማ ነው። አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፣ አንድ እግራቸው ባዶ ነው። ቦቲ ጫማ ለማጥለቅ እንኳ ጊዜ አልወሰዱም። ብብታቸው ሥር የጫማ ካርቶን ይዘዋል፤ ውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ አለ። እጃቸውን ዘረጉ። ከረጢቶቹን ሰጠኋቸው። ሁለቱን ወፎች አስገብተው ክዳኑን ጋረዱትና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ይቧጥጣሉ» አሉ። ከዚያ ወደ እጄ ተመለከቱ። መዳፌን ከፈትኩ።

ቀለበቱን አነበቡ። መነጽራቸው በዝናብ ተሸፍኖ ስለነበር አውልቀው እንደገና አነበቡት። አልጮኹም። ይጮኻሉ ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር፤ እንደተሰበሰበ ቀረ።

ወደ ጠረጴዛው ሄድን፣ ከቆርቆሮው ሥር ተጠለልን። የሞቱትን ሦስቱን ደርድረው የመስክ መዝገቡን ገፋ አደረጉልኝ። ሞተም ኖረም የተገኘ ወፍ ሁሉ ይለካል። «ዓይነቷን ንገሪኝ» አሉኝ፣ አሮጊቷን እያመለከቱ። ስሟን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የፈለጉት ግን ሌላ ነው። ክንፏን ዘረጋሁ። ላባውን ከጫፍ ቆጠርኩ፣ ማስመሪያውን አሳረፍኩ፣ እንደገና ለካሁ፣ ከዚያ ተናገርኩ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ክብደት አሥር ነጥብ ስድስት። ጻፊ። ያወቅሽው መቼ ነው?»

እዚህ ላይ ሌላ ቁጥር ማለት እችል ነበር። ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ሰባት ከሩብ።»

«የደወልሽልኝ ስምንት ከሃምሳ ነው።»

«አዎ።»

«በዚህ መካከል ስልክ አልነበረሽም?»

«ነበረኝ። ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«እርስዎን።»

ቀና ብለው አዩኝ። የገረማቸው ይመስል ነበር። «እኔ ምን አደረግሁሽ?»

ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩት፣ ቃል በቃል አልኩላቸው፦ መረብ ክፍት ትቶ የሄደ ሰው እንዳይደውልልኝ፣ ዕቃውን ይሰብስብና በዚያው ይሂድ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይደበድባል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ቧጠጡ።

«እሱ እኮ ቀልድ ነው» አሉ። «በየዓመቱ እላታለሁ። ተማሪዎች ይስቃሉ።»

«እኔም ስቄያለሁ።»

ባዶ እግራቸውን አዩት፣ አሁን ገና ያወቁት መሰለኝ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ሆነ። «ወቅቱ እስኪያልቅ መረብ አትነኪም። በየማለዳው ግን ትመጫለሽ። እዚህ ተቀምጠሽ ትጽፊያለሽ።»

«እሺ፣ መምህር።»

«የሞት ምክንያት።»

ለዚያ አንድ ዓምድ አለ። ቃል አይጻፍበትም፣ ቁጥር ነው የሚሞላው፤ ዝርዝሩ የመዝገቡ ሽፋን ጀርባ ላይ ተለጥፏል። አንድ ዝናብ፣ ሁለት ሙቀት፣ ሦስት አዳኝ እንስሳ፣ አራት የአያያዝ ስህተት። እርሳሱ እጄ ላይ ቆመ።

«ዝናብ ነው፤ አንድ በይው» አሉ መምህሩ። ሊያግዙኝ ፈልገው ነው፤ ድምፃቸው ውስጥ ሰማሁት።

«ዝናቡ የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አልኩ። «እኔ ያወቅሁት ከዚያ በፊት ነው።»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበብኩት፤ እሳቸውም በፊት ለፊቴ ሆነው የእርሳሴን ጫፍ ይከተላሉ። ፍርሃት ቁጥር አልነበረውም። በፊደል ጻፍኩት።